የሊጉ መርዶ

ያን ጊዜ ሥራዬን ለሐበሻ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። «ኳስ ተጫዋች ነኝ» ስል የሰው ሁሉ ፊት ይበራል። «የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ማለቴ ነው» ስል ደግሞ ወዲያው ይከስማል። ሄልሜት ደፍተው በትከሻ የሚጋጩበት፣ እንቁላል የመሰለች ኳስ አቅፈው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። «እና አንተ በዚህ ቅጥነትህ እዚያ መሃል ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። እኔ ኪከር ነበርኩ። ኳሷ በእግር የምትመታበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ ተጠርቼ እገባለሁ፣ እመታለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ሳን ሆዜ ስመጣ ይዤው የገባሁት ችሎታ የሰፈር ኳስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ የፉትቦል አሰልጣኝ ከሜዳ ዳር ቆሞ ስመታ አየኝና ወሰደኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ኮሌጅ የተማርኩትም በዚሁ እግሬ ነው።

ከኮሌጅ በኋላ ግን ነገሩ ጠጠረ። ትልቁ ሊግ አንድ ሁለቴ ጠርቶ አየኝና በጨዋነት ሸኘኝ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ኪከር ይበቃዋል፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ካልታመመ ወይም ካልሳተ ቦታውን አይለቅም። እኔም በቀን መጋዘን እየሠራሁ፣ ማታ ማታ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ብቻዬን ስመታ ከረምኩ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አዲስ ሊግ ተቋቋመ የተባለው። ትልቁ ሊግ በሚያርፍባቸው ወራት ይጫወታል፣ ኦክላንድም አንድ ቡድን ይኖራታል ተባለ። ተፈትኜ አለፍኩ። የሊጉን ስም እዚህ አልጠቅሰውም፤ ብጠቅሰውም የሚያስታውሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አባቴ የቻርተር አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቡድኑ ያሳደረን ሳን ሆዜ ውስጥ ርካሽ ሞቴል ላይ ነበር፤ የምንለማመደውም እዚያው አካባቢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለጨዋታ ኦክላንድ እንሄዳለን። አባቴ የሚሠራበት ኩባንያ ይህን ምልልስ ሲይዝ ለምኖ ሥራውን ወሰደው። ከመስታወቱ ውስጥ ወደ ኋላ አየት ያደርገኝና ፈገግ ይላል። ተጫዋቾቹ ሁሉ «ፖፕስ» ይሉታል፤ አባባ እንደ ማለት ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ወቅት ኩራት የተሰማው ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ሊጉ እንደታመመ ግን ከሁለተኛው ጨዋታ ጀምሮ ያስታውቅ ነበር። በመጀመሪያ ትኩስ ምግብ ነበር፤ ከዚያ ሳንድዊች በካርቶን ሆነ፤ ከዚያ «ከየቤታችሁ ብትበሉ ይሻላል» ተባለ። ጨዋታችን በትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይተላለፍ የነበረው ወደ አንዲት ማንም የማያውቃት ጣቢያ ተዛወረ። ስታዲየሙ ሲሳሳ ተመልካቹን ሁሉ ካሜራው በሚያይበት በኩል አሰባስበው ያስቀምጡት ጀመር፤ እኛ ከምንቀመጥበት ወገን ፊት ለፊታችን ሰው፣ ከኋላችን ባዶ ወንበር ነው። በየሳምንቱ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው እየመጣ «ሁሉም ነገር በጣም ጥሩ ነው» ይለናል። አንድ ነገር ጥሩ ሲሆን በየሳምንቱ ሰው ተልኮ አይነገርም።

ኦክላንድ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር የምትመች ከተማ አልነበረችም። ትልልቅ ቡድኖቿ እየተከታተሉ ጥለዋት ሄደዋል። በር ላይ ትኬት የሚቀበሉ አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሲሠሩ የኖሩ። አንድ ቀን ሰላም ብያቸው ስሜን ልነግራቸው ስል እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው አስቆሙኝ።

«ስምህን አትንገረኝ የኔ ልጅ» አሉኝ በእንግሊዝኛ። «ስማቸውን የለመድኳቸው ሁሉ ሄደዋል። ጥሩ ምታ፣ ደህና ግባ፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አትጠብቅ።»

እሳቸው ያሉትን ነገር የሊጉ ባለሀብቶች ቀድመው ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደዚያች ሳምንት ልምጣ። ሐሙስ ዕለት ልምምድ ጨርሼ ስወጣ ወኪሌ ዴቭ ደወለ። ዴቭ ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

«ስማኝ» አለ። «ከትልቁ ሊግ አንድ ቡድን ሰኞ ሊያይህ ይፈልጋል። ኪከራቸውን አሰናብተዋል። ቪዲዮህን አይተው ወደውታል፤ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል አይደለም።»

አጥሩ ላይ ተደገፍኩ።

«ግን በውል ታስረሃል» ብሎ ቀጠለ። «ሲዝኑ ሳያልቅ ወደ ሌላ ቡድን መሄድ አትችልም። ያም ሆኖ ሊጋችሁ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በርትቷል። የተዘጋ እለት ነፃ ነህ። ስልክህን እንዳታጠፋ። ከሰማህ ያለህበትን ጥለህ ውጣ፤ አንድ ኳስ እንኳን እንዳትመታ።»

ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቴም ጭምር። ይህን የማይረዳኝ ሐበሻ የለም ብዬ አስባለሁ። በቤታችን ያልጨበጡትን ነገር ማውራት ነውር ነው። እናቴ ግሪን ካርድ እንደደረሰን እንኳን ለጎረቤት የተናገረችው አውሮፕላን ልንሳፈር ስንል ነበር። ሰኞ ደርሶ፣ መትቼ፣ ፈርሜ፣ ከዚያ ለአባቴ ወረቀቱን ላሳየው ነበር ሐሳቤ። ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ሁለት ሌሊት ፈገግ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ አውቶቡሱን ሞቴሉ በር ላይ አቁሞ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብሎ ክፍሌ መጣ። በፌስታል ምግብ ይዟል። እናቴ ያን ሰሞን አያቴን ለማስታመም አዲስ አበባ ሄዳ ስለነበር ራሱ የሠራው ፍርፍር ነው፤ ጨው በዝቶበታል።

«ብላ» አለኝ።

«አባዬ፣ ጌም ዴይ ላይ ከባድ ነገር አልበላም፤ ታውቃለህ እኮ።»

«ዛሬ ብላ። ለእኔ ስትል።»

እምቢ ብዬ ልተወው ስል ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አንድ አይበቃም ብሎ ደገመኝ። ዓይኑን ከዓይኔ ያሸሻል። ስለ አያቴ ከፍቶት ነው ብዬ ገመትኩ።

እንደልማዳችን ስልኬን ሰጠሁት። በጨዋታ ቀን ሐሳቤ እንዳይበተን ሁልጊዜ ለእሱ ነው የምሰጠው። ዴቭ ያለኝ ትዝ ብሎኝ እጄ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ግን ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ የሚባል ሁሉ ዝግ ነው፣ ሊግ ደግሞ ቢዘጋም በሥራ ቀን ነው የሚዘጋው ብዬ ለቀቅኳት።

በመንገድ ላይ አባቴ ቀስ ብሎ ነዳ። ሁልጊዜ የሚከፍትልንን ሙዚቃ አልከፈተም። ከመስታወቱም አንድ ጊዜ እንኳን አላየኝም።

ጨዋታው ቀዝቃዛ ነበር። ንፋሱ ከባሕሩ በኩል እየመጣ ባንዲራዎቹን ያንገላታል። ሁለት ኳስ በምሰሶዎቹ መሃል አሳለፍኩ፤ አንዱ በጣም ሩቅ ነበር፣ እግሬ ላይ ሲያርፍ ገና እንደሚገባ አውቄዋለሁ። «ይቺን ሰኞ የሚያዩኝ ሰዎች ባዩልኝ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ እኛ ነጥብ ስላስቆጠርን ኳሱን ለተጋጣሚ መትቼ ማስረከብ ነበረብኝ። ኪክኦፍ ይሉታል። መታሁ፤ ልጁ ተቀበለና ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ። የእኛዎቹ አንድ በአንድ ሳቱት። በመጨረሻ እሱና እኔ ብቻ ቀረን።

ኪከር በዚያ ጊዜ ዞር ቢል ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን በዚያ ቀን ሰው ነገ ሊለቀው ያለውን ቤት በደንብ ጠርጎ መውጣት እንደሚፈልገው ዓይነት ስሜት ይዞኝ ነበር። ገባሁበት። ያዝኩትም። ግራ እግሬ ሣሩ ላይ ተተክሎ ሳለ ሌላ ከባድ ሰው ከጎን መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ድምፁን ሰማሁት። ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው።

አምቡላንስ ውስጥ የቡድኑ ወጌሻ አብሮኝ ነበር። ሆስፒታል እንደደረስን ስልኩ ጠራና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኗል። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ከመኪና ውስጥ አንድ ነገር ላምጣ» አለኝና ሄደ። በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ አላየሁትም።

አባቴ የመጣው ከመሸ ነው። ለምን እንደቆየ ጠየቅሁት፤ «ልጆቹን ወደ ሞቴል መልሼ» አለ። የጉልበቴ ጅማቶች ተበጣጥሰዋል፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ብለው በማስታገሻ አደንዝዘው፣ ክራንች አስይዘው ሸኙኝ። ስልኬን ስጠይቀው «ባትሪው አልቋል፣ ነገ» አለኝ። መድኃኒቱ አስክሮኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። ቤቱ ወስዶ ሳሎን ሶፋው ላይ አንጥፎ አስተኛኝ።

ጎህ ሲቀድ የበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጫማ ሲያወልቁ፣ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አባቴ ገባ። ከኋላው ጋሽ ታደሰ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አቦይ ሃብቴ፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ከኤል ሴሪቶ ሱቃቸው ካልተቸገሩ በቀር የማይንቀሳቀሱ ሰው። ሦስቱም ቆመው አዩኝ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች ከአባቱ ኋላ ሲገቡ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። «እማዬ ናት?» አልኩ። «አያቴ ናት? ንገሩኝ፣ እማዬ ናት?»

አቦይ ሃብቴ ሮጥ ብለው እጄን ያዙኝ። «የለም፣ የለም። የሞተ ሰው የለም። ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለሐዘን ቤት የሚይዙትን ድምፅ ያዙ። «ናሆም ልጄ፣ የምትጫወትበት ሊግ ተዘግቷል። ከእንግዲህ ጨዋታ የለም። እንጀራህ ስለነበር አባትህ ብቻውን መንገር ከበደው። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ እናቴ ባለመሞቷ ደስታ ሰውነቴ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ሳቅኩ። ለሊግ መርዶ ተረድቶ እግዚአብሔር ያጽናህ የተባለ ሰው ከእኔ በፊት አለ ብዬ አላምንም። እነሱም ስስቅ ግራ ገባቸው፤ አባቴ ብቻ ትንሽ ቀለል አለው።

ከዚያ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። «መቼ ነው የተዘጋው?»

«ትናንት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ከጨዋታው በኋላ?»

ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ምንጣፉን እያየ ነው።

«እኔ የሰማሁት ጠዋት ነው» አለ። «ገና ሞቴል ሳልደርስ ስምሪት ክፍል ኮል አደረጉልኝ። ሊጉ ተዘግቷል፣ ውላችን ካንስል ሆኗል፣ አድርሰሃቸው አውቶቡሱን ባዶውን ይዘህ ተመለስ አሉኝ። ጨዋታው በቲቪ ስለሚተላለፍ እስኪያልቅ ለልጆቹ እንዳይነገር ተብሏል አሉኝ።» ቀና አለ። «ባዶውን አልተመለስኩም። ልጆቹን መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም ብዬ መለስኳቸው። ከጨዋታው በኋላ በየስልካቸው ሰምተውት ነበር፤ እስከ ሳን ሆዜ አንድ ሰው አልተናገረም።»

«ለእኔስ? ጠዋት ፍርፍር ስታጎርሰኝ ታውቅ ነበር?»

«ሆድህ ባዶ ሆኖ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት እንዴት ልንገርህ? የመጨረሻ ጨዋታህን በሰላም ተጫወት ብዬ ነው።»

«ዴቭ ደውሎ ነበር?»

ስልኬን ከኪሱ አወጣ። «እሱም ይህንኑ ሊያረዳህ ነው ብዬ አጠፋሁት።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሰኞ የሚጠብቀኝን ቡድን፣ ሊጉ በተዘጋ ደቂቃ ነፃ መሆኔን፣ አንድ ኳስ እንኳን እንዳትመታ መባሌን። ስናገር ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ከፍ ለማድረግም ጉልበት አልነበረኝም።

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። «የምን ሰኞ?» አለ። ከዚያ ገባው። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር ዛሬም ልጽፈው ይከብደኛል። ለሰኞ ማታ በሐሳቤ ያዘጋጀሁት ፊት ደስታ የሞላበት ነበር፤ ያየሁት ግን ሌላ ፊት ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ በሹክሹክታ።

«አንተስ?»

አቦይ ሃብቴ እጄን ሳይለቁ «ሁለታችሁም እንዳደጋችሁት ነው የሆናችሁት» አሉ። አባቴ ሶፋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁን ፋሻ በተጠቀለለው ጉልበቴ ላይ ሊያኖር ዘረጋና ሳይነካኝ መለሰው።

ሰኞ ሌላ ልጅ ሄዶ መታ። ፈረመም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ዛሬም ይጫወታል። እኔ ኦፕሬሽን ተደረግኩ፣ በዝግታ መራመድ ቻልኩ፣ ከዚያም ሮጥ ሮጥ ማለት ሞከርኩ፤ ግራ እግሬ ግን ከዚያ በኋላ ኳስ ለመምታት የሚሆን መተከያ አልሆነኝም። መተከያ የሌለው ኪከር ደግሞ ምንም አይደለም።

እንደዚህ ያሉ ሊጎች ለምን ይወድቃሉ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ገንዘብ አልቆባቸው ነው የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ሐሰትም አይደለም። እኔ ከውስጥ ሆኜ ያየሁት ግን ሰው ቡድን የሚወደው አባቱ ይወደው ስለነበር ነው። ትልቁ ሊግ ተቀናቃኞቹን መዋጋት እንኳን አያስፈልገውም፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አዲሱ ሊግ አንድ ልጅ አድጎ ለልጁ እስኪያወርሰው የሚታገሥ ባለሀብት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ባለሀብት ደግሞ የለም። እና ሲሞትም መሞቱን አይናገርም። እኛ ሐዘንተኛውን አዝነንለት እንደብቀዋለን፤ እነሱ የቴሌቪዥኑ ሰዓት እስኪሞላ ደበቁን። አባቴ ምክንያታቸው የእሱን የሚመስል መስሎት ነበር። ይህን ሳስብ ከራሴ ይልቅ ለእሱ ያንገበግበኛል።

ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተቀይሜው ነበር። በአንድ ቤት እየኖርን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አንነጋገርም። አንድ ቀን ራሱ ጀመረ። እዚህ አገር በመጣ ሰሞን ታክሲ ሲነዳ፣ ድልድይ ላይ እንዳለ ወንድሙ ደውሎ «አባባ ሞተ» አለው። መኪናውን መሃል መንገድ አቁሞ፣ ከኋላው ሁሉም ጥሩምባ እየነፋበት፣ ብቻውን ጮኾ አለቀሰ። «እንደዚያ እንዳትሰማ ብዬ ነው» አለኝ። «ሌላ ምንም አልነበረኝም።»

እኔም ቃል አስገባሁት። «ከዛሬ ጀምሮ ክፉ ነገር ከሰማህ ያኔውኑ ንገረኝ። ብበላም ባልበላም፣ መንገድ ላይ ብሆንም። የሚያስፈልገኝን እኔ ልወስን።»

«አልችልበትም» አለ።

«ትችላለህ።»

በመጨረሻ «እሺ» አለ። ያን ቀን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ ይህን ስሰብክ ከረምኩ፤ ለሰው አዝኖ ክፉ ወሬ መደበቅ ጨዋነት ሳይሆን ቅሚያ ነው እያልኩ። ለእናንተም ይህንኑ ብዬ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ።

ባለፈው ወር ዳውንታውን ኦክላንድ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ ሳለሁ አባቴ ደወለ። እንደ ወትሮው ደህና ዋልክ፣ እንዴት ነህ አላለም።

«ናሆም፣ አሁን ከሐኪሙ ክፍል መውጣቴ ነው» አለ። «ቆሽቴ ላይ ካንሰር ነው ብሎኛል። ተሰራጭቷል፣ ብዙም የምናደርገው የለም አለ። ለእናትህ ገና አልነገርኳትም። ቃሌ ስለሆነ ነው።»

ያን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለማለት ምን ያህል እንደታገለ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ ልለው ይገባ ነበር። እኔ ግን በሰው ፊት፣ በዚያ መብራት ሥር ቆሜ፣ ምነው በደበቀኝ አልኩ። ምነው እስከ ማታ እንኳን፣ ቤት እስክገባ፣ እህል እስክቀምስ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዞ እስኪመጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ሰው እንዲዋሸኝ የተመኘሁበት ጊዜ የለም። እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ለእኔ ሲያስብልኝ ኖሮ፣ በራሱ ቀን የሚያስብለት ሰው አጠገቡ አልነበረም።

«የት ነህ?» አልኩት።

«ፓርኪንግ ውስጥ። ሞተሩን አላስነሳሁም።»

«አታስነሳ አባዬ። መጣሁ።»

ጃኬቴን እንኳን ሳልይዝ ወጣሁና ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጥኩ፤ ጉልበቴ የፈቀደልኝን ያህል።